ጭነት የያዘ ተሳቢን በፒክአፕ ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ የመጎተት መመሪያ

ከጎንደር ተነሥቶ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይጠብቅዎታል። ይህን መንገድ በፒክአፕ ከኋላ ተሳቢ ቀጥሎ ለመሄድ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ይችለው እንደሆነ ነው። ጤነኛ የናፍጣ ሞተር ግን አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን ተሳቢ መጎተቱን ይችለዋል፤ የሚያስቸግረው ተሳቢው በቀጥታ ተከትሎ እንዲሄድ ማድረግና ቁልቁለት ላይ ማቆም ነው። የመጀመሪያው የሚወሰነው መኪናው ሳይንቀሳቀስ ጭነቱ በሚደረደርበት ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከደጀን በታች ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ይፈተናል። ስለዚህ ይህ መመሪያ በሁለቱ ላይ ይረዝማል፤ ሌላውን አጠር አድርጎ ያልፋል።

ክብደቱን በኩንታል ቆጥሮ ማወቅ

ከምንም ነገር በፊት የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍና በበሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አውጥተው ሁለት ቁጥሮችን ይፈልጉ። አንዱ መኪናው ራሱ ተሸክሞ ሊሄድ የሚችለው የመጫን አቅም ነው፤ ሌላው ከኋላው ሊስበው የሚችለው የመጎተት አቅም ነው። የመጎተት አቅሙ ብዙ ጊዜ በሁለት ተከፍሎ ይጻፋል፦ የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ አንድ ቁጥር፣ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። በብዙ ፒክአፖች ላይ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የተፈቀደው ከ750 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ይህም ተሳቢው ራሱ ከነብረቱ የሚመዝነውን ይጨምራል፤ ስለዚህ 450 ኪሎ ግራም በሚመዝን ፍሬን አልባ ተሳቢ ላይ ሊጫን የሚገባው ሦስት ኩንታል ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ለመጫን ያሰበ ሰው ፍሬን ያለው ተሳቢ ይፈልግ።

ለዚህ መመሪያ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ባዶውን 450 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ፍሬን ያለው ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ላይ አሥር ኩንታል የማክሰኚት ሽንብራ ብንጭን ጠቅላላ ክብደቱ 1,450 ኪሎ ግራም ይሆናል። ከተሳቢው ፊት ወጥቶ ከመኪናው ጋር የሚገናኘውን ክፍል አንገት ብለን ብንጠራው፣ ይህ አንገት በመኪናው መጎተቻ ላይ ቁልቁል የሚጫነው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። በምሳሌያችን ይህ ከ145 እስከ 217 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ይህ የአንገት ክብደት ከመኪናው የመጫን አቅም ላይ የሚቀነስ መሆኑን ነው። የመጫን አቅሙ 850 ኪሎ ግራም በሆነ ፒክአፕ ውስጥ 280 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ አራት ሰዎች ቢቀመጡና አንገቱ 170 ቢጫነው፣ ለኋለኛው ሣጥን የሚቀረው 400 ኪሎ ግራም ነው፤ በዚያ ላይ ስድስት ኩንታል የጫነ ሰው ተሳቢውን ገና ሳይስብ መኪናውን ከአቅሙ በላይ አድርጎታል።

በከተማችን ጋራዦች ባሌስትራ፣ ማለትም ከአክስሉ ጋር ተያይዞ ክብደቱን የሚሸከመውን ተደራራቢ ብረት፣ በማስጨመር አቅም ይጨምራል የሚል እምነት ሥር ሰዷል። የተጨመረው ባሌስትራ የመኪናውን ጀርባ ከመጎንበስ ይከለክላል እንጂ ፍሬኑን፣ አክስሉን፣ ጎማውንም ሆነ ሻሲውን አያጠነክርም። እንዲያውም መጎንበሱ ይሰጥ የነበረውን ማስጠንቀቂያ ስለሚደብቅ፣ ከልክ በላይ የተጫነ መኪና ቀጥ ብሎ ቆሞ ጤነኛ መስሎ እንዲታይ ያደርጋል።

ማገናኛውን መመርመር

ተሳቢው በኳስ የሚገናኝ ከሆነ ኳሱና ኳሱን የሚይዘው አፍ አንድ ልክ መሆናቸውን በላያቸው ላይ ከተቀረጸው ቁጥር ያረጋግጡ። በአገራችን ከተለያየ አገር የመጡ ዕቃዎች ስለሚቀላቀሉ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ኳስና ሁለት ኢንች፣ ማለትም 50.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ኳስ ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ ከእነዚህም ያነሰ 47.6 ሚሊ ሜትር የሆነ አለ። ትንሹ ኳስ ትልቁ አፍ ውስጥ ሲገባ የገጠመ ይመስላል፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ግን ዘሎ ይወጣል። የ50 ሚሊ ሜትር ኳስ በመፋተግ ብዛት 49 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይለወጥ።

አፉን ከዘጉና መቆለፊያውን ካስገቡ በኋላ የመቆለፊያውን ድምፅ ብቻ አይመኑ። ክሪኩን ከአንገቱ ሥር አስገብተው የመኪናው ጀርባ ጥቂት ከፍ እስኪል ድረስ አንገቱን ያንሡት፤ አፉ ኳሱን ሳይለቅ መኪናውን አብሮ ካነሣው በትክክል ይዟል ማለት ነው። ይህ ፍተሻ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለቱን የደኅንነት ሰንሰለቶች ከአንገቱ ሥር አመሳቅለው ይሰሯቸው። የተመሳቀሉት ሰንሰለቶች፣ አፉ ከኳሱ ቢለቅ አንገቱ አስፋልት ላይ ከመተከሉ በፊት እንደ አልጋ ሆነው ይቀበሉታል። መንገድ እስኪነኩ ድረስ አይርዘሙ፤ መኪናው ሲታጠፍ እስኪወጠሩ ድረስም አይጠሩ። ተሳቢው ቢለይ የራሱን ፍሬን የሚስበው ቀጭን ገመድ ካለው ደግሞ ከኳሱ ወይም ከሰንሰለቱ ጋር ሳይሆን ከመኪናው አካል ጋር ለብቻው መታሰር አለበት።

መብራቱን በሚመለከት አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የፍሬን መብራቱን፣ ሁለቱን ፍሬቻዎችና የሌሊት መብራቱን አንድ በአንድ ይመልከት። ፍሬቻ ሲበራ ሌላው መብራት አብሮ የሚርገበገብ ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ አምፖሉ ላይ ሳይሆን ከሻሲው ጋር የሚገናኘው ሽቦ ዝጎ በመላላቱ ነው። የተሳቢው ሰሌዳ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን መሟላታቸውን፣ የመንጃ ፈቃድዎ ምድብም ተሳቢ መጎተትን የሚፈቅድ መሆኑን ከጉዞው ቀን በፊት ያረጋግጡ።

ጎማ፣ ኩሽኔታና ፍሬን

በከተማው በያጆች የተሠሩ ተሳቢዎች ብዙ ጊዜ የሚገጠምላቸው ከቤት መኪና የወጣ ጎማ ነው። ጎማው ምን ያህል እንደሚችል ከጎኑ ከተጻፈው የጭነት መለያ ቁጥር ይታወቃል፤ ለምሳሌ 82 ማለት 475 ኪሎ ግራም፣ 100 ማለት 800 ኪሎ ግራም ነው። በምሳሌያችን ከ1,450 ኪሎ ግራሙ ውስጥ 170 የሚሆነውን መኪናው በአንገቱ በኩል ስለሚሸከም በሁለቱ ጎማዎች ላይ የሚያርፈው 1,280 ነው። ባለ 82 ሁለት ጎማዎች በአንድነት የሚችሉት 950 ብቻ ስለሆነ ይህን ጭነት ይዘው ባሕር ዳር መድረሳቸውም ያጠራጥራል። በጎማው ጎን ያለውን ባለ አራት አኃዝ የምርት ቁጥርም ይመልከቱ፤ 2319 ማለት በአውሮፓውያን 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ተሳቢ ቆሞ የሚውልበት ጊዜ ስለሚበዛ ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ በፀሐይ ይሰነጣጠቃል። አየሩን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ያስለኩ፤ መንገድ ላይ ሞቆ ግፊቱ ከፍ ብሎ ቢያገኙት አየር አያስወጡ፣ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናልና።

ኩሽኔታው፣ ማለትም ጎማው የሚሽከረከርበት የመሀል ክብ ብረት፣ ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ የተሳቢውን ጎማ በክሪክ ከመሬት አንሥተው ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት፤ ከዚያም ያሽከርክሩት። የሚነቃነቅ ወይም እንደ ደረቅ ወፍጮ የሚፈጭ ድምፅ ያለው ከሆነ ተፈትቶ ይታይ፣ ግራሶውም ይታደስ። ጎማውን የሚያስሩትን የዳዶዎች ጥብቀት ከመነሣትዎ በፊት ያረጋግጡ፤ ትርፍ ጎማ ሲይዙም የመኪናው ስኮርታ ለተሳቢው እንደማይሆን ያስታውሱ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ያስፈልገዋል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ስለሚፈጥር ፔዳሉ ወለሉን ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ሁለት ክረምት ያለፈበትን የፍሬን ዘይት ይዞ ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ አይገባም።

አጫጫን

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ጭነቱን የሚያስተካክሉት ሜዳ በሆነ ቦታ ላይ ይሁን። የጎንደር የፒያሳና የአራዳ መንገዶች ዳገት ቁልቁለት ስለሚበዛባቸው እዚያ ጭኖ መመዘንም ሆነ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው፤ አዘዞ አካባቢ ግን መሬቱ ለጥ ያለ ስለሆነ፣ መውጫውም በዚያው ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይመቻል።

ከስድሳ በመቶ የማያንሰው ክብደት ከአክስሉ ፊት፣ የቀረው ከአክስሉ ኋላ ይደረደር። ከአሥር ጆንያ ስድስቱ ከፊት፣ አራቱ ከኋላ ማለት ነው፤ የፊተኞቹም በጠቅላላ አንገቱ ጫፍ ላይ ሳይከመሩ ወደ አክስሉ ጠጋ ብለው ይቀመጡ። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን፤ ግራና ቀኙም ይመጣጠን። ጆንያዎቹን እንደ ጡብ እያጠላለፉ መደርደር ከላይ ያለው በታችኞቹ መገጣጠሚያ ላይ እንዲያርፍ ስለሚያደርግ ክምሩ አይንሸራተትም።

እዚህ ላይ በብዙዎቻችን ዘንድ ያለውን አንድ ልማድ ማንሣት ግድ ይለኛል። ጭነት ጫኚዎች መጀመሪያ የሚወርደውን ዕቃ ከኋላ በር አጠገብ የማስቀመጥ ልማድ አላቸው፤ ለማራገፍ ይቀላልና። ከዓመታት በፊት እኔም እንዲሁ አድርጌ ወረታ ላይ የሚወርድ የወፍጮ ሞተር በተሳቢው መጨረሻ ላይ አስጭኜ ወጣሁ። ከተማ ውስጥ ቀስ ብዬ ስነዳ ምንም አልተሰማኝም። ጠዳን አልፌ መንገዱ ሲከፈትልኝና ፍጥነቴ 85 ሲደርስ ግን ተሳቢው እንደ ላም ጭራ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ፤ እኔም ደንግጬ ፍሬን ስረግጥ የመንገዱን ግማሽ ጠርጎ ቦይ ውስጥ ገባ። በዚያ ሰዓት ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና አለመኖሩ ብቻ ነው ያተረፈን። ሞተሩን ከቦዩ አውጥተን ከአክስሉ ትንሽ ፊት አስቀምጠን ስንሄድ ያው መኪና፣ ያው ተሳቢ፣ ያው ጭነት እስከ ወረታ ድረስ ጸጥ ብሎ ተከተለን። ስለዚህ የማራገፍ ቅደም ተከተል ከክብደት አቀማመጥ ጋር ሲጋጭ ሁልጊዜ ክብደቱ ያሸንፍ፤ ወረታ ላይ ሦስት ጆንያ አንሥቶ መልሶ መጫን የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ጭነቱን ሲያስሩ ፍሬን ሲያዝ ዕቃው ወደ ፊት የሚገፋበት ኃይል የክብደቱን 80 በመቶ፣ በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን የሚገፋበት ደግሞ የክብደቱን ግማሽ ያህል ሊደርስ እንደሚችል ያስቡ። ከፊት በኩል ከተሳቢው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ የተደረደረ ጭነት የመጀመሪያውን ኃይል በግድግዳው ይቋቋማል፤ ክፍተት ከተተወለት ግን ተንደርድሮ ይመታዋል። የናይሎን ገመድ ከተጫነ በኋላ ይለጠጣል፤ ጥርስ ያለው ማጥበቂያ የተገጠመለት የጭነት ቀበቶ ከተገኘ እርሱ ይሻላል። ሸራውም በነፋስ እንዳይመታ ከአራቱም በኩል ተወጥሮ ይታሰር።

የአንገቱን ክብደት በእህል ሚዛን መለካት

ግምት ስሕተት ያመጣል፤ መለካት ደግሞ ቀላል ነው። እስከ 300 ኪሎ ግራም የሚመዝን መድረክ ያለው ሚዛን በማንኛውም የእህል መጋዘን ይገኛል። ተሳቢውን ሜዳ ላይ አቁመው ጎማዎቹን በታኮ፣ ማለትም እንዳይንከባለሉ ከሥራቸው በሚገባ ድንጋይ ወይም እንጨት፣ ይያዙ። ከዚያም ሚዛኑን ከአንገቱ ሥር አስገብተው ተሳቢው ከመኪናው ጋር ሲገናኝ በሚኖረው ከፍታ ልክ ጠንካራ እንጨት በሚዛኑ ላይ ያቁሙና አንገቱን በእርሱ ላይ ያሳርፉት። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር፣ እንጨቱ ሲቀነስ፣ የአንገቱ ክብደት ነው።

የሚዛኑ አቅም ትንሽ ከሆነ ጠንካራ ሳንቃ ወስደው አንዱን ጫፍ በሚዛኑ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በጡብ ላይ ያሳርፉ፤ በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የሳንቃውን ክብደት አስቀድመው ከሚዛኑ ላይ ይቀንሱ፤ ከዚያም አንገቱን ከጡቡ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያሳርፉት። ሚዛኑ የሚያሳየውን በሦስት ሲያባዙት ትክክለኛውን ያገኛሉ፤ 55 ካሳየ የአንገቱ ክብደት 165 ነው።

ቁጥሩ ከተፈለገው በታች ከሆነ ጆንያ ወደ ፊት፣ ከበለጠ ወደ ኋላ ይዛወራል። ከአክስሉ እስከ ኳሱ ያለው ርቀት ሦስት ሜትር በሆነ ተሳቢ ላይ አንድ ኩንታል በ60 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ሲገፋ በአንገቱ ላይ 20 ኪሎ ግራም ይጨምራል፤ ይህን ስሌት የያዘ ሰው ሁለቴ ወይም ሦስቴ በማዛወር ይጨርሰዋል። በመጨረሻ ተሳቢውን ከመኪናው ጋር አገናኝተው ከጎን ሆነው ይመልከቱ። ተሳቢው ከመሬት ጋር ተመጣጥኖ ሊቆም ይገባል፤ አፍንጫው ወደ ሰማይ ከቀና ኳሱ ዝቅ ይደረግ። የመኪናው ፊት ከመጫን በፊት ከነበረበት ብዙ ከፍ ካለ ደግሞ የፊት ጎማዎቹ ክብደት አጥተዋል ማለት ነውና መሪው ይቀልላል፣ ፍሬኑም ይደክማል።

ከአዘዞ እስከ ማክሰኚት

ከሌሊቱ ይልቅ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መነሣት ይሻላል፤ በጨለማ መንገድ ላይ የቆመ መኪናም ሆነ የተኛ ከብት ለማየት ርቀቱ አይበቃም፣ ተሳቢ የያዘ መኪና ደግሞ ለመቆም ረዥም ርቀት ይፈልጋል። በጥር 10 እና 11 ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱና ሲመለሱ የከተማው መንገዶች በሕዝብ ስለሚሞሉ፣ በእነዚያ ቀናት ተሳቢ ይዞ ከከተማው መውጣት አይታሰብ። መነሻ ዕለት የመንገዱን ሁኔታ ከዚያው የመጡ ሾፌሮችን መጠየቅም የዝግጅቱ አካል ነው።

ማክሰኚት ሲደርሱ የግድ ይቁሙ። ከመጀመሪያዎቹ 40 ኪሎ ሜትሮች በኋላ የጎማ ዳዶ ሊላላ፣ ገመድ ሊረግብ፣ ሸራ ሊገለጥ ይችላል። ዳዶዎቹን እንደገና ያጥብቁ፤ ቀበቶውን ይሳቡ፤ መዳፍዎን ወደ እያንዳንዱ የተሳቢ ጎማ መሀል ያስጠጉ። አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ የተበላሸ ኩሽኔታ ወይም የተጣበቀ የፍሬን ሸራ አለ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ በየሁለት ሰዓቱ እንዲሁ ያድርጉ።

በሜዳው ላይ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፉ። ከፊት ያለው መኪና አንድ ምልክት ሲያልፍ ቀስ ብለው ከአንድ እስከ ስድስት ይቁጠሩ፤ ከስድስት በፊት ምልክቱ ጋ ከደረሱ ተጠግተዋል። ሲታጠፉ የተሳቢው ጎማ ከመኪናው ጎማ በውስጥ በኩል እንደሚያልፍ አይርሱ፤ በገበያ ቀን በአዲስ ዘመንና በወረታ የመንገድ ዳር ላይ ተቀምጠው የሚሸጡ እናቶች እግር አጠገብ የሚያልፈው እርሱ ነው።

ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ እግርዎን ከነዳጁ ላይ ያንሡ፣ መሪውን በሁለት እጅ ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ የመኪናውን ፍሬን አይርገጡ። ተሳቢው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፍሬንና በሾፌሩ እጅ የሚገኝ መቆጣጠሪያ ካለው የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በቀስታ ይያዙ። ተሳቢውን በመሪ እየተከተሉ ለማቅናት መሞከር ውዝዋዜውን ያባብሰዋል፤ ነዳጅ ጨምሮ ለማቅናት መሞከርም በከፍተኛ ፍጥነት እንደገና እንዲጀምር ያደርገዋል። ሲረጋጋ ዳር ይዘው ቆመው ጭነቱን ያስተካክሉ፤ አንድ ጊዜ የተወዛወዘ ተሳቢ ሳይነካ ወደ መንገዱ አይመለስ።

ዳገት

በጎንደር ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ሲነጻጸር በአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ተርቦ፣ ማለትም አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ኃይል ያጣል፤ ተርቦ ያለው ግን ብዙም አይጎዳውም። ዳገት ላይ ሞተሩ እስኪያቃስት ሳይጠብቁ ማርሽ ይቀንሱ። የሙቀት መለኪያው ከተለመደው በላይ መውጣት ከጀመረ የመኪናውን የውስጥ አየር ማቀዝቀዣ ያጥፉ፣ ዳር ይዘው ይቁሙ፣ ሞተሩ ያለ ጭነት እየሠራ እንዲበርድ ይተዉት፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞቆ ሳለ አይክፈቱ።

ዳገት ላይ ሲቆሙ ከጎማው ሥር ያስገቡትን ድንጋይ ሲነሡ አንሥተው ከአስፋልቱ ውጭ ይጣሉት። በአገራችን መንገዶች ላይ የቆሙ መኪኖች ትተውት የሄዱት ታኮ ከኋላ ለሚመጣው ሞተር ሳይክልና ለሌሊት ተጓዥ ወጥመድ ይሆናል፤ ረዳት ያለው ሰው ይህን ለረዳቱ ጽኑ ትእዛዝ አድርጎ ይስጥ።

ዓባይ ሸለቆ

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርደን ድልድዩን ተሻግረን ያንኑ ያህል እንወጣለን። አራት ቶን የሚመዝን መኪናና ተሳቢ አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ከ100 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍላት ይችላል። ይህ ሁሉ ሙቀት ወደ አንድ ቦታ መሄድ አለበት፤ ወይ ወደ ሞተሩ፣ ወይ ወደ ፍሬኑ። የእኛ ሥራ ወደ ሞተሩ እንዲሄድ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ደጀን ላይ ሳይወርዱ ይቁሙ፣ ፍሬኑ እንዲበርድ ያድርጉ፣ ማገናኛውንና ሰንሰለቱን ይመልከቱ። ከዚያም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ወደ ሁለት ወይም ሦስት ዝቅ ያድርጉ፤ ዘግይቶ ለመቀነስ የሚሞክር ሰው ማርሹ አልገባ ብሎት በፎሌ ሊቀር ይችላል፣ በፎሌ መውረድ ደግሞ ሞተሩን ከፍሬንነት ሥራው ማሰናበት ነው። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪናም በዝቅተኛው ማርሽ ላይ ይቆለፍ። ያንኑ ገደል ብወጣ በምን ማርሽ እወጣለሁ ብለው ራስዎን ቢጠይቁ፣ የሚወርዱበት ማርሽ ከዚያ ከፍ ሊል አይገባውም።

ፍሬን ላይ እግርን አሳርፎ መውረድ ፍሬኑን ያቃጥለዋል። ይልቁንስ ፍጥነቱ 40 ሲደርስ በደንብ ይያዙና ወደ 30 ያውርዱት፤ ከዚያ ፈጽመው ይልቀቁት፤ እንደገና 40 ሲደርስ ይድገሙት። በሁለት ንክኪዎች መካከል ያለው ጊዜ ፍሬኑ የሚተነፍስበት ነው።

ተሳቢው መኪናውን ሲገፋ በራሱ የሚሠራ ፍሬን ያለው ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በዝቅተኛ ማርሽ ሲወርዱ ተሳቢው መኪናውን ያለማቋረጥ ስለሚገፋ የራሱ ፍሬን በቀስታ እየተያዘ ይወርዳል፤ የመኪናው ፍሬን ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ የተሳቢው ታምቡር፣ ማለትም የፍሬኑ ሸራ የሚይዘው ክብ ብረት፣ ግን ሊግል ይችላል። ለዚህ ነው በግማሽ መንገድ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጎ 15 ወይም 20 ደቂቃ ማረፍ የሚያስፈልገው። በሚያርፉበት ጊዜ ጎማውን በታኮ ይያዙ እንጂ የጋለውን ታምቡር በእጅ ፍሬን አያጥብቁ። ውሃም አያፍስሱበት፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ብዙ ሾፌር ይህን ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ስንጥቁ በዕለቱ ላይታይ ይችላል።

ሸለቆው ውስጥ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው እንደ ማዕበል ይጎብጣል፤ በእነዚያ ቦታዎች ላይ ተሳቢው እንዳይዘል ከ30 በታች ይሂዱ። ፔዳሉ መለስለስ ከጀመረ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቀሪ ፍሬን እያለዎት በፍጥነት ይቁሙ። ፍሬኑ ፈጽሞ እምቢ ካለ ማርሹን ወደ ታች ያውርዱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያሉ ይሳቡ፣ ከዚያም ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው በኩል ባለው ቦይ መኪናውን አስጠግተው በግድግዳው ያስቁሙት። መኪና ይጠገናል።

ከድልድዩ በኋላ ያለው ዳገት የሙቀት መለኪያውን ይፈትናል፤ የሸለቆው አየር ሞቃት ነውና። ቀስ ብለው ይውጡ፤ ጎሐ ጽዮን ሲደርሱ ሞተሩን ወዲያው ሳያጠፉ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ያለ ጭነት እንዲሠራ ይተዉት። ከሱሉልታ በእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወርደውም መንገድ በትራፊክ መካከል ቆም ሄድ እያሉ የሚወርዱት ቁልቁለት ስለሆነ የዓባዩን ደንብ እዚያም ይጠብቁ። ወደ ሰሜን በደባርቅ በኩል ሊማሊሞን ለሚወርድ ሰውም ያው ነው።

ወደ ኋላ መሄድና ማራገፍ

ተሳቢን ወደ ኋላ ለመግፋት እጅዎን ከመሪው ታች ላይ ያድርጉ፤ ተሳቢው ወደ ግራ እንዲሄድ ከፈለጉ እጅዎን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ከፈለጉ ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሱ። ትንሽ ብቻ ይንኩ፤ ሲጣመም ደግሞ ወደ ፊት ሄደው አቅንተው እንደገና ይሞክሩ።

ሲያራግፉ ተሳቢው ከመኪናው ጋር እንደተያያዘና ጎማው በታኮ እንደተያዘ ይሁን፤ ከኋላ ያለውን ጆንያ አስቀድመው ያውርዱ። የፊተኛው ቀድሞ ከወረደ የኋላው ክብደት አንገቱን ወደ ላይ ይነቀንቀዋል፤ ከመኪናው ተፈትቶ ከሆነማ አንገቱ በአጠገቡ የቆመውን ሰው ሊመታ ይችላል። መንገድ ላይ ግማሹን አራግፈው የሚቀጥሉ ከሆነ የቀረውን እንደ አዲስ ይደርድሩና አንገቱን እንደገና ይመዝኑ። ባዶውን ወደ ጎንደር ሲመልሱትም የኋላ በሩን በሽቦ አስረው፣ ሸራውንና ቀበቶዎቹን ከሣጥኑ ውስጥ አስገብተው፣ የተሳቢውን ጎማ መሀል በመዳፍዎ ዳሰው ይነሡ።